የዕፅዋት ልባስና የፈንጂ ደኅንነት፦ ከጥጥ እስከ ታኒን

ፈንጂ፣ ባሩድ፣ የሮኬት ጠጣር ነዳጅና ርችት በመልክም በአገልግሎትም ቢለያዩም በኬሚስትሪ ዓይን የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ሁሉም የሚነደውን ነገርና የሚያነደውን ኦክስጅን በአንድነት በውስጣቸው ስለያዙ ለመንደድ ከአየር የሚጠብቁት የለም። ኃይል አዘል ቁሶች የሚባሉትም ለዚህ ነው። ያለ እነሱ ድንጋይ የሚፈለጥበት ካባ፣ ማዕድን የሚወጣበት ጉድጓድ፣ ተራራ ሰንጥቆ የሚያልፍ መንገድ፣ በጠጣር ነዳጅ ወደ ጠፈር የሚወነጨፍ ሮኬት አይኖርም። አደጋቸውም ከዚሁ ከጥቅማቸው ምንጭ ይቀዳል፤ ዋናው ጭንቀት ኃይላቸውን ሰው በፈለገው ሰዓት ብቻ እንዲለቁ ማድረግ ነው።

ጭንቀቱ ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ቁሱ በቀላሉ የሚነሣ መሆኑ ነው፤ ምት፣ ሰበቃ፣ ሙቀት፣ አንዳንዴም ከሠራተኛው ልብስ የሚፈናጠር የስታቲክ ኤሌክትሪክ ብልጭታ ይበቃዋል። ሁለተኛው ዝግ ያለ ነው፤ ማንም ሳይነካው መጋዘን ውስጥ እንደተቀመጠ ከዓመት ዓመት እየተበላሸ፣ ሲበላሽም ሙቀት እያመነጨ ይሄድና አንድ ቀን በራሱ ይቀጣጠላል። ለሁለቱም ከተፈለጉት መድኃኒቶች አንዱ እያንዳንዱን ቅንጣት በሌላ ነገር መሸፈን፣ ማለትም ልባስ ማልበስ ነው። የልባሱ ምንጭ ደግሞ ከመጀመሪያው አንሥቶ ብዙውን ጊዜ ዕፅዋት ሆነዋል። የዛፍ ሙጫ፣ የተልባና የጉሎ ዘይት፣ ስታርችና ካምፎር በየዘመናቸው ተሞክረዋል፤ ዛሬ ተራው የታኒንና የሊግኒን ነው። የዚህ ረጅም ታሪክ ትምህርት አንድ ነገር ላይ ያርፋል፤ ከዕፅዋት የተገኘ ልባስ በራሱ ደግም ክፉም አይደለም፤ ደግነቱ የሚታወቀው ምን እንዳለበሰና ስንት ዘመን ሳይለወጥ እንደቆየ ሲታይ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ልባስ ለምን እንደሚረዳ ለመረዳት ፍንዳታ ከየት እንደሚጀምር ማወቅ ያስፈልጋል። መዶሻ ፈንጂ ላይ ሲያርፍ ጉልበቱ በቁሱ ሁሉ እኩል ቢሰራጭ ኖሮ ሙቀቱን ጥቂት ዲግሪ ብቻ ከፍ ያደርገው ነበር፤ ፍንዳታም አይከተልም ነበር። ጉልበቱ ግን እኩል አይሰራጭም። በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ፍራንክ ፊሊፕ ቦውደንና አብርሃም ዮፌ በ1952 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳብራሩት፣ የምቱ ጉልበት በጣም ጠባብ በሆኑ ቦታዎች ይከማቻል። በክሪስታሎች መካከል የተያዘች የአየር አረፋ በድንገት ስትጨመቅ፣ ሁለት ቅንጣቶች ሲፋተጉ ወይም አንድ ክሪስታል ውስጡ ሲሰነጠቅ ያቺ ነጥብ ብቻዋን በብዙ መቶ ዲግሪ ትግላለች። የእነዚህ የጋሉ ነጥቦች ስፋት ከ0.1 እስከ 10 ማይክሮሜትር ይገመታል። ትልቁም ትንሹም ፍንዳታ የሚወለደው ከእነዚህ ነው።

ስለዚህ የልባስ የመጀመሪያ ሥራ የጋለ ነጥብ እንዳይፈጠር፣ ከተፈጠረም ሳይስፋፋ እንዲጠፋ ማድረግ ነው። ለስላሳ ሰም ወይም ዘይት ቅንጣት ከቅንጣት እንዳይፋተግ ያንሸራትታል፣ የአየር ክፍተቱን ይሞላል፣ ሲቀልጥም ሙቀት ይወስዳል። የልባስ ሁለተኛ ሥራ ኬሚካዊ ነው፤ እርጥበትን ያግዳል፣ ቁሱ ሲበላሽ የሚወጡትን ጎጂ ጋዞች ይይዛል፣ አንዱ ንጥረ ነገር ሌላውን እንዳይነካ በመካከል ይገባል። እነዚህን ሁለት ሥራዎች ለይቶ ማየት ተገቢ ነው፤ በአንዱ የተሳካለት ልባስ በሌላው ሊወድቅ ይችላልና።

ታሪኩ ሲጀምር ዕፅዋት የፈንጂው ጋሻ ሳይሆኑ ራሱ አካሉ ነበሩ። በ1846 በባዝል ከተማ ክርስቲያን ሾንባይን ጥጥን በናይትሪክና በሰልፈሪክ አሲድ አክሞ ያገኘው ናይትሮሴሉሎስ ከተራ ጥጥ በዓይን አይለይም፤ ኃይሉ ግን ከጥቁር ባሩድ እጅግ ይበልጣል። ደስታው ብዙ አልዘለቀም። በእንግሊዝ ፋቨርሻም የተቋቋመው ፋብሪካ በ1847 ፈንድቶ ሠራተኞቹን ገደለ፤ በሌሎች አገሮችም ተመሳሳይ አደጋ ስለተከተለ ብዙዎቹ ለዓመታት ሥራውን ተዉት። ምክንያቱ ያኔ ግልጽ አልነበረም። ምስጢሩ በጥጥ ክር ተፈጥሮ ውስጥ ነበር፤ እያንዳንዱ ክር ውስጡ ባዶ የሆነ ቀጭን ቱቦ ስለሆነ ከውጭ ምንም ያህል ቢታጠብ በቱቦው ውስጥ የቀረው አሲድ አይወጣም። ያ ቅሪት አሲድ ናይትሮሴሉሎሱን ቀስ በቀስ ያፈርሰዋል። ፍሬድሪክ ኤብል በ1865 ያመጣው መፍትሔ ወረቀት ፋብሪካ ከሚሠራው ጋር አንድ ነው፤ ክሩን በውኃ ውስጥ ፈጭቶና አላልሞ ቱቦው ሁሉ እንዲከፈት ማድረግ፣ ከዚያም ደጋግሞ ማጠብ። ልባስ ከመታሰቡ በፊት የሚለበሰው ነገር ንጹሕ መሆን እንዳለበት ያስተማረው ይህ ነው። ርኩስ ነገር ላይ ጥሩ ልባስ መደረቡ አደጋውን ከዓይን ይሰውረው እንደሆነ እንጂ አያስወግደውም።

ናይትሮሴሉሎስን በማረጋጋት በኩል የመጀመሪያው የዕፅዋት ባለውለታ ካምፎር ነው። ካምፎር በምሥራቅ እስያ ከሚበቅል ዛፍ እንጨት የሚገኝ ሽታው የሚሰነፍጥ ነጭ ጠጣር ነው። የሃያት ወንድማማቾች በ1870 በአሜሪካ ናይትሮሴሉሎስን ከካምፎር ጋር አዋሕደው ሴሉሎይድ የተባለውን ፕላስቲክ አወጡ፤ ማበጠሪያ፣ የፒያኖ ቁልፍና የፎቶግራፍ ፊልም ተሠራበት። ካምፎሩ በናይትሮሴሉሎስ ሰንሰለቶች መካከል ገብቶ ስለሚያለሳልሳቸው ቁሱ ሳይሰነጠቅ ይቀረጻል። የካምፎር ተፈላጊነት እንዲህ ከመጨመሩ የተነሣ ጃፓን ታይዋንን ከያዘች በኋላ በ1899 ንግዱን በመንግሥት ሞኖፖል ሥር አደረገችው።

አልፍሬድ ኖቤልም በ1887 ባሊስታይት የተባለውን ጭስ አልባ ባሩድ ሲያወጣ ካምፎር ጨምሮበት ነበር። ጉድለቱ የታየው ከጊዜ በኋላ ነው። ካምፎር በክፍል ሙቀት ሳይቀልጥ ይተናል፤ ለብል ተብሎ በልብስ መካከል የተቀመጠ የካምፎር ኳስ እያነሰ ሄዶ እንደሚጠፋ ሁሉ፣ ከባሩዱም ቀስ በቀስ ይወጣል። ሲወጣ ባሩዱ የሚነድበት ፍጥነት ይለወጣል፤ በፋብሪካ የተለካው ባሩድና ከጥቂት ዓመት በኋላ ከመጋዘን የሚወጣው ባሩድ አንድ አይሆኑም። ኤብልና ጄምስ ዱዋር በ1889 ኮርዳይት የተባለውን ባሩድ ሲሠሩ ካምፎሩን ትተው ከፔትሮሊየም የሚወጣ ቫዝሊን የመረጡት የማይተን ነገር ስለፈለጉ ነው። ቫዝሊኑ የገባው መጀመሪያ የመድፉን አፈሙዝ እንዲያለሰልስ ቢሆንም፣ የባሩዱን መበላሸትም እንደሚያዘገይ በኋላ ታወቀ።

መተን የሚያስከትለው አደጋ ከሁሉ ጎልቶ የታየው በፈረንሳይ ባሕር ኃይል ነው። ፖል ቪየይ በ1884 ያገኘው «ፑድር ቤ» የተባለ ጭስ አልባ ባሩድ መጀመሪያ እንዲረጋ የተጨመረበት አሚል አልኮል ነበር። አልኮሉም እንደ ካምፎሩ ከጊዜ ጋር ተነነ። በመጋቢት 1907 ኢየና የተባለችው የጦር መርከብ ቱሎን ወደብ ላይ ፈንድታ ከ100 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በመስከረም 1911 ደግሞ ሊበርቴ የተባለችው እዚያው ወደብ ውስጥ ተሰንጥቃ 300 ገደማ ሰው አለቀ። መርከቦቹን ያጠፋቸው በገዛ ጎተራቸው ያረጀ ባሩድ ነው። ናይትሮሴሉሎስ ሲፈርስ ናይትሮጅን ኦክሳይድ ይወጣዋል፤ ጋዙ ከእርጥበት ጋር አሲድ ይሆናል፤ አሲዱ ተመልሶ ማፍረሱን ያፋጥናል። ይህን ክብ የሚሰብረው ጋዙን ገና ሲወጣ የሚይዝ ንጥረ ነገር ነው። ዳይፌኒላሚን የተባለው ሰው ሠራሽ ማረጋጊያ ይህን ሥራ ከመቶ ዓመት በላይ ሲሠራ ኖሯል።

የሲኒማና የሕክምና ፊልም ግን እንዲህ ያለ ጥበቃ ሳያገኝ ብዙ ዘመን ቆየ። በ1929 በአሜሪካ ክሊቭላንድ ክሊኒክ ምድር ቤት የተከማቸ የኤክስሬይ ናይትሬት ፊልም ተቃጥሎ ከተለቀቀው መርዛም ጋዝ የተነሣ 123 ሰዎች ሞተዋል። በዚህ መስክ ያሸነፈው ልባስ አይደለም፤ ናይትሮሴሉሎስን በሴሉሎስ አሲቴት መተካት ነው። ሴሉሎስ አሲቴትም የዕፅዋት ልጅ ነው፤ የማይፈነዳ ልጅ። ኮዳክ በ1950ዎቹ መጀመሪያ የናይትሬት ፊልም ማምረት አቆመ። ልባስ ከመፈለግ በፊት ቁሱን ራሱን መለወጥ ይቻል እንደሆነ መጠየቅ የሚገባው ለዚህ ነው፤ ጥያቄው በብዙ የምርምር ጽሑፎች ተዘልሎ መታለፉ ያሳዝናል።

ዳይፌኒላሚን ራሱ ዛሬ እየተጠየቀ ነው። ናይትሮጅን ኦክሳይድን ሲይዝ ከሚለወጥባቸው ነገሮች መካከል ካንሰር ያስከትላሉ ተብለው የሚፈሩ ናይትሮዛሚኖች አሉ። በአውሮፓ የኬሚካል ሕግ እየጠበቀ ሲመጣ ተመራማሪዎች ወደ ዕፅዋት ተመለሱ። ከአትክልት ዘይት የሚገኘው ቶኮፌሮል፣ ማለትም ቫይታሚን ኢ፣ እና ለእርድ ቢጫ ቀለሙን የሚሰጠው ኩርኩሚን ከተፈተኑት መካከል ናቸው። ሁለቱም ፌኖል የተባለ የኬሚካል ክፍል ስላላቸው፣ የምግብ ዘይት እንዳይሻግት በሚከላከሉበት በዚያው መንገድ ባሩድን የሚያፈርሱትን ንቁ ቅንጣቶች ይይዛሉ። ወጥ ቤት ውስጥ ያለ ቅመም ለባሩድ ማረጋጊያ መታጨቱ እንግዳ ቢመስልም ከኬሚስትሪው አንጻር የሚጠበቅ ነው።

ከባሩዱ ጎን ለጎን የርችት ሠሪዎች የራሳቸውን ረጅም ልምድ አካብተዋል። የርችት ቅመም እንዳይበተን የሚያያይዙት የግራር ሙጫ፣ ከስታርች የሚሠራ ዴክስትሪን፣ በጃፓን የሩዝ ስታርች፣ ከአውስትራሊያ የሚመጣ ቀይ ሙጫ ሁሉም ዕፅዋት የሰጧቸው ናቸው። የያያዘ ቅመም ብናኝ አይሆንም፤ ብናኝ ያልሆነ ነገር ደግሞ በአየር ላይ አይንሳፈፍም፣ በየስንጥቁ አይገባም፣ በሰበቃም በቀላሉ አይነሣም።

ከእነዚህ ሁሉ በቅርብ ሊታይ የሚገባው የተልባ ዘይት ነው። የማግኒዝየም ብናኝ ለርችት ደማቅ ነጭ ብርሃን ይሰጣል፤ እርጥበት ሲነካው ግን ሃይድሮጅን እየለቀቀ ይበላሻል፣ ይግላል። ርችት ሠሪዎች ይህን ለመከላከል ብናኙን በተልባ ዘይት ማልበስ ከቆየ ጊዜ ጀምሮ ለምደዋል። የተልባ ዘይት እንደ ብዙ የምግብ ዘይቶች እርጥብ ሆኖ አይቀርም፤ ሊኖሌኒክ የተባለው ቅባት አሲድ ስለሚበዛበት ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ ይተሳሰሩና ጠንካራ ቆዳ ይሆናል። ሠዓሊዎችና እንጨት ሠሪዎች የሚወዱትም ለዚሁ ነው። ቆዳው ማግኒዝየሙን ከእርጥበት ያድነዋል።

ነገር ግን ይኸው የመድረቅ ሂደት ሙቀት ያመነጫል። ዘይቱ በብናኝ ላይ በስሱ ተዘርግቶ አየር ሲያገኝ ሙቀቱ ይበተናል፤ በተጠቀለለ ጨርቅ ላይ ሲሆን ግን መውጫ ያጣል። በየካቲት 1991 በፊላደልፊያ ዋን ሜሪዲያን ፕላዛ የተባለ ባለ 38 ፎቅ ሕንፃ የተቃጠለው እንጨት ለማስዋብ ካገለገሉ በኋላ ክምር ሆነው በቀሩ የተልባ ዘይት የነካቸው ጨርቆች ነው፤ ሦስት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሞቱበት። በአካባቢው አንድም ፈንጂ አልነበረም። ስለዚህ የሚደርቅ የዕፅዋት ዘይት ለልባስነት ሲመረጥ ሙሉ በሙሉ መድረቁን ማረጋገጥና እስኪደርቅ ድረስ ያለውን ሙቀት መቆጣጠር የሥራው ግማሽ ነው።

ጉሎ ከተልባ የተለየ ዕድል አግኝቷል። የጉሎ ዘይት በአብዛኛው ሪሲኖሌይክ አሲድ ነው፤ ይህ አሲድ በሰንሰለቱ ላይ ሃይድሮክሲል የተባለ ተጨማሪ መያዣ ስላለው ኬሚስቱ ጎማ መሰል ፖሊዩረቴን ሊሠራበት ይችላል። የሕንድ የጠፈር ምርምር ድርጅት ለሮኬቶቹ ጠጣር ነዳጅ ከጉሎ ዘይት «ኢስሮ ፖሊዮል» የተባለ ማያያዣ አዘጋጅቷል። በእንዲህ ያለ ነዳጅ ውስጥ ኦክስጅን የሚሰጠው ጨውና የአሉሚኒየም ብናኝ በጎማው ውስጥ ተቀብረው ይቀመጣሉ። ጎማው ከተሰነጠቀ በስንጥቁ በኩል የሚነድደው ገጽ በድንገት ይሰፋና ግፊቱ ሞተሩን ሊያፈነዳው ይችላል፤ ስለዚህ የማያያዣው ዋና ግዴታ በብርድና በሙቀት፣ በጉዞና በንቅናቄ ሳይሰነጠቅ መቆየት ነው። ሕንድ በዓለም ቀዳሚዋ የጉሎ አምራች መሆኗ ምርጫውን ቀላል አድርጎላታል። በአገር ውስጥ የሚበቅል ተክል ለጠፈር ሥራ ሲውል ማየት ተራ ነገር አይደለም።

እስካሁን የተነሡት ልባሶች ብዙ ወይም ጥቂት ጉድለት ቢኖርባቸውም በመሠረቱ ጠቅመዋል። አሞኒየም ናይትሬት ላይ ግን ታሪኩ ይገለበጣል።

አሞኒየም ናይትሬት በዋነኛነት ማዳበሪያ ነው። ብቻውን ሲሆን በቀላሉ አይነሣም፤ ነገር ግን እርጥበት ይስባል፣ ክሪስታሉም 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ቅርጹን ስለሚለውጥ ሙቀት ሲወጣና ሲወርድ ይፈረካከስና እንደ ድንጋይ ይጋገራል። በጀርመን ኦፓው በመስከረም 1921 የሆነው የዚህ ውጤት ነው። የተጋገረውን የአሞኒየም ሰልፌትና ናይትሬት ድብልቅ ክምር ሠራተኞች በድማሚት እያላቀቁ ያወጡት ነበር፤ ከዚያ በፊት ብዙ ጊዜ ተደርጎ ምንም አልሆነም። በዚያ ዕለት ግን 450 ቶን ገደማ የሚሆነው የክምሩ ክፍል ፈንድቶ ከ500 በላይ ሰው ሞተ፤ ከተማይቱም ፈረሰች።

መጋገሩን ለማስቀረት በኋላ የተወሰደው እርምጃ ቅንጣቶቹን ማልበስ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአሜሪካ የጦር ፋብሪካዎች ለአውሮፓ ዕርዳታ የተመረተው ማዳበሪያ ከፔትሮላተም፣ ከፓራፊንና ከጥድ ሙጫ በተሠራ ድብልቅ ተለብሶ ነበር። ዓላማው በጎ ነው፤ እርጥበት እንዳይገባ፣ ቅንጣቶቹ እንዳይጣበቁ። ሰምና ሙጫ ግን በአብዛኛው ካርቦንና ሃይድሮጅን ናቸው፤ አሞኒየም ናይትሬት ደግሞ ኦክስጅን ሰጪ ነው። የጥድ ሙጫ በቅንጣት ላይ ሲቀባ የሚነደውና የሚያነደው ተቀራርበው ተቀመጡ ማለት ነው። የሮኬት ነዳጅ ሠሪ ሆን ብሎ የሚያደርገውን የማዳበሪያ ፋብሪካው ሳያስበው አደረገው።

በሚያዝያ 16 ቀን 1947 ጠዋት ቴክሳስ ሲቲ ወደብ ላይ ግራንድካምፕ በተባለች የፈረንሳይ መርከብ ውስጥ ከ2,000 ቶን በላይ እንዲህ ያለ ማዳበሪያ በወረቀት ጆንያ ተጭኖ ነበር። ከጭነቱ ጭስ መውጣት ሲጀምር ካፒቴኑ ውኃ ዕቃውን ያበላሽብኛል ብሎ የዕቃ ክፍሉ ተዘግቶ በእንፋሎት እንዲታፈን አዘዘ። እሳቱን አየር በመከልከል ማፈን ለተራ ጭነት ይሠራል፤ ኦክስጅኑን በውስጡ ለያዘ ጭነት ግን አይሠራም፣ እንፋሎቱም ሙቀት ይጨምርበታል። ከረፋዱ 3፡12 ሲሆን መርከቧ ፈነዳች። ቢያንስ 581 ሰው ሞተ፤ እሳት ለማጥፋት ከመጡት የከተማው በጎ ፈቃደኛ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ከአንዱ በስተቀር ሁሉም አለቁ። በማግስቱ አጠገቧ የነበረችው ሃይ ፍላየር የተባለች መርከብም ፈነዳች። ጉዳዩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1953 በዴልሃይት ክስ መንግሥት ተጠያቂ አይደለም ተብሎ በአራት ለሦስት ድምፅ ተወሰነ፤ ኮንግረሱ ግን ከሁለት ዓመት በኋላ ለተጎጂዎች ካሳ የሚሰጥ ሕግ አወጣ። ለመጋገር የተፈለገ መድኃኒት ለዚህ መድረሱ የልባስ ምርምር ሁሉ ሊያስታውሰው የሚገባ ነው።

የዛሬው ዓለም አቀፍ የትራንስፖርት ደንብ ይህን መርሕ በቁጥር አስቀምጦታል። ኦክስጅን ሰጪ ተብሎ የሚጓጓዝ አሞኒየም ናይትሬት ውስጥ የሚነድ ነገር፣ ልባሱን ጨምሮ፣ ከ0.2 በመቶ መብለጥ የለበትም፤ ከዚያ ካለፈ በፈንጂነት ይመደባል። ስለዚህ ፋብሪካዎች ወደ ሸክላ ዓይነት ማዕድናዊ ዱቄትና በጣም ስስ ወደሆኑ ልባሶች ዞረዋል። ከዕፅዋት የተገኘ ልባስ በዚህ ቁስ ላይ ሲታሰብ የመጀመሪያው ጥያቄ ምን ያህል ይከላከላል የሚለው አይደለም፤ ምን ያህል ይነዳል የሚለው ነው። የቤይሩቱ የ2020 ፍንዳታ፣ 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት ለዓመታት በወደብ መጋዘን ተረስቶ ከ200 በላይ ሰው የገደለበት፣ ደግሞ ምንም ዓይነት ልባስ የመጋዘን አያያዝን እንደማይተካ ያሳያል።

በድንጋይ ካባና በማዕድን ሥራ ለደኅንነት ከሁሉ የበለጠ የሠራው ምናልባት ጉዋር የተባለው የጥራጥሬ ሙጫ ነው። በራጃስታንና በፓኪስታን ደረቅ መሬት የሚበቅለው የዚህ ተክል ፍሬ ዱቄት ውኃን ወፍራም ዝልግልግ ያደርገዋል። ሜልቪን ኩክ ከ1956 ጀምሮ ያስፋፋቸው ውኃ ያለባቸው ፈንጂዎች ናይትሬቱን በእንዲህ ያለ ዝልግልግ ውስጥ ይይዙታል። ውኃው ምትንና እሳትን ይቋቋማል፤ ጉዋሩ ውኃው እንዳይለይና የጉድጓድ ውኃ ገብቶ እንዳያቀጥነው ያግዳል። ድማሚት ከብዙ ማዕድን ሥራ የወጣው በእነዚህና በኋላ በተከተሏቸው ኢመልሽን ፈንጂዎች ምክንያት ነው። እዚህም ለደኅንነቱ የሠራው ውኃው መሆኑን ማስተዋል ይገባል፤ ተክሉ ውኃውን በቦታው ያቆየዋል።

ባለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት ምርምሩ ከውፍረት ወደ ስስነት ዞሯል። መነሻው ፈንጂ አልነበረም። በ2007 በአሜሪካ የፊሊፕ ሜሰርስሚዝ ቡድን በባሕር ድንጋይ ላይ የምትጣበቀውን ሙስል የተባለች ቀንድ አውጣ መሰል ፍጥረት ሙጫ አጥንቶ፣ ከዶፓሚን የሚሠራ ስስ ሽፋን ማንኛውም ገጽ ላይ እንደሚጣበቅ በሳይንስ መጽሔት አሳየ። ዶፓሚን ውድ ነው፤ የሚያጣብቀው የኬሚካል ክፍል ግን በዕፅዋት ፖሊፌኖሎች ውስጥ በብዛት አለ። በ2013 ያው ቡድን በሻይ፣ በካካዎና በወይን ያሉ ፖሊፌኖሎች ተመሳሳይ ልባስ እንደሚሠሩ አሳተመ፤ በዚያው ዓመት የሜልበርኑ የፍራንክ ካሩሶ ቡድን ታኒክ አሲድና ብረት ውኃ ውስጥ ሲገናኙ ወዲያውኑ 10 ናኖሜትር ያህል ውፍረት ያለው ሽፋን ቅንጣት ላይ እንደሚያርፍ አሳየ።

ክስተቱ ለማንም ሩቅ አይደለም። ሻይ የተጠጣበት ሲኒ ካልታጠበ ግድግዳው ላይ የሚቀረው ቡናማ ሽፋን የዚሁ ፖሊፌኖል ልባስ ነው፤ በውኃ ብቻ በቀላሉ አይለቅም። ታኒን ከብረት ጋር ሲገናኝ የሚሰጠው ጥቁር ሰማያዊ ቀለም በአውሮፓ ለብዙ ምዕተ ዓመታት የመጻፊያ ቀለም ሆኖ አገልግሏል። ታኒን ቆዳ አልፊዎችም ከጥንት የሚያውቁት ነው፤ የዛፍ ቅርፊት ቆዳን እንዳይበሰብስ የሚያደርገው ታኒኑ ከፕሮቲን ጋር ስለሚተሳሰር ነው። ጋሎይል የተባሉት የታኒክ አሲድ ክፍሎች ብዙ ሃይድሮክሲል ስላላቸው በአንድ በኩል የክሪስታሉን ገጽ፣ በሌላ በኩል ብረቱን ወይም ከላይ የሚመጣውን ፖሊመር ይይዛሉ።

ኃይል አዘል ቁሶች ላይ ይህን የሞከሩት በተለይ በቻይና ያሉ ቤተ ሙከራዎች ናቸው፤ ኤችኤምኤክስ በተባለው የፈንጂ ክሪስታል ላይ ብዙ ሠርተዋል። ይህ ክሪስታል ሲሞቅ ከቤታ ወደ ዴልታ ቅርጽ ይለወጣል፤ ሲለወጥ መጠኑ በ7 በመቶ ገደማ ይሰፋል፣ ውስጡ ይሰነጣጠቃል፣ ከዚያም በኋላ ከቀድሞው በቀላሉ የሚነሣ ይሆናል። በዙሪያው የተጠመጠመ ጠንካራ ስስ ቅርፊት መስፋቱን ስለሚጫነው ለውጡ ወደ ከፍተኛ ሙቀት ይገፋል። ሌላው ጥቅም ምናልባት ከዚህ ይበልጣል፤ ለስላሳ ገጽ ያለው ክሪስታል ከጎማ ማያያዣው በቀላሉ ስለሚላቀቅ በመካከሉ ክፍተት ይፈጠራል፣ ክፍተትም የጋለ ነጥብ መወለጃ ነው። ታኒኑ ሁለቱን አያይዞ ክፍተቱን ያስቀራል። እንዲህ ሲታይ የታኒን ልባስ ዋና ዋጋ ከትራስነቱ ይልቅ አጣባቂነቱ ነው፤ ብዙ ጽሑፎች ግን የመጀመሪያውን አጉልተው ሁለተኛውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፉታል።

የስስነቱ ጥቅም ግልጽ ነው። የማይፈነዳ ልባስ በጨመረ ቁጥር ኃይሉ ይቀንሳል፤ በሰም ለመሸፈን ብዙ መቶኛ ሲያስፈልግ በናኖሜትር የሚለካ ሽፋን ግን ክብደቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በአንጻሩ ስስ ሽፋን ቀዳዳ ካለው አይከላከልም፤ ሙሉ መሆኑም በዓይን አይረጋገጥም። የታኒን ልባስ ብዙውን ጊዜ የሚጣበቀው አሲድነቱ በቀነሰ ውኃ ውስጥ ነው፤ አንዳንድ ፈንጂዎች ደግሞ በእንዲህ ያለ ውኃ ውስጥ ይፈርሳሉ። ሃይድሮክሲሎቹ እርጥበት ይስባሉ፣ የብረት ቅሪትም ለአንዳንድ ቁሶች የመበላሸት ማፋጠኛ ይሆናል። ለአንዱ ክሪስታል የተሳካ ልባስ ለሌላው ሳይመረመር ሊወሰድ የማይችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሊግኒንና የሴሉሎስ ናኖ ክሮች ከታኒን ኋላ እየመጡ ነው። ሊግኒን ከወረቀት ፋብሪካ በብዛት የሚተርፍ፣ ብርሃንን የሚመጥና ፌኖል የበዛበት ነገር ስለሆነ ርካሽነቱ ይስባል። ችግሩ የባሕር ዛፍ ሊግኒን ከጥድ ሊግኒን፣ የአንዱ ፋብሪካ ከሌላው መለያየቱ ነው። ታኒክ አሲድም ቢሆን በስሙ አንድ ቢመስልም የብዙ ሞለኪውሎች ቅልቅል ነው። የፈንጂ ኢንዱስትሪ ዛሬ የገዛውና ከአሥር ዓመት በኋላ የሚገዛው አንድ እንዲሆን ይፈልጋል፤ የዕፅዋት ምርት ደግሞ ከዝናብ፣ ከአፈርና ከመከር ወቅት ጋር ይለዋወጣል።

የልባስ ጥቅም የሚመዘነው በፈተና ነው። ቋሚ ክብደት ከተለያየ ከፍታ እየተጣለ ግማሹን ጊዜ የሚያስነሣው ከፍታ ይመዘገባል፤ ሰበቃና ብልጭታም እንዲሁ ይለካሉ። እነዚህ ቁጥሮች በአየሩ እርጥበት፣ በቅንጣቱ መጠንና በመሣሪያው ይለዋወጣሉ፤ ስለዚህ ልባስ ያለውና የሌለው በአንድ ቀን፣ በአንድ መሣሪያ ጎን ለጎን ካልተፈተኑ ንጽጽሩ ብዙም አይታመንም። ከዚህ የሚከብደው የዘመን ፈተና ነው። ኤብል በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያወጣው ዘዴ ባሩዱን እያሞቁ የሚወጣውን ጋዝ በስታርችና በአዮዳይድ በተነከረ ወረቀት ቀለም መለወጥ መያዝ ነበር፤ እዚህም ዕፅዋት ድርሻ ነበራቸው። የዛሬው መለኪያ ከባሩዱ የሚወጣውን ጥቂት ሙቀት ለቀናት በካሎሪሜትር ይከታተላል። ስታናግ 4582 የተባለው የኔቶ ደረጃ ይህን ፈተና ያለፈ ባሩድ በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢያንስ 10 ዓመት በሰላም ይቀመጣል ብሎ ይወስዳል።

ያ 25 ዲግሪ በሁሉም አገር አይገኝም። የዳሎል አማካይ የዓመት ሙቀት በ1960ዎቹ ሲመዘገብ 34 ዲግሪ አልፎ ነበር፤ በባሕረ ሰላጤው አገሮች በበጋ ጥላ ሥር ያለ መጋዘንም ከዚያ በላይ ይግላል። የኬሚካል መበላሸት ፍጥነት በየ10 ዲግሪው ቢያንስ በእጥፍ ያድጋል የሚለው ሻካራ ስሌት ከተወሰደ፣ በ25 ዲግሪ 10 ዓመት የተሰጠው ባሩድ እንዲህ ባለ ቦታ የሚኖረው ዕድሜ ወደ 5 ዓመት ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል። ከዕፅዋት የተገኘ ልባስ ደግሞ ራሱ በሙቀት ይተናል፣ ይለሰልሳል ወይም ይጠቁራል። ስለዚህ በቆላ ለሚከማች ቁስ የታሰበ ልባስ ፈተናው መካሄድ ያለበት በዚያው መጋዘን ሙቀት ነው፤ ዕድሜው ሲሰላም የባሩዱና የልባሱ መበላሸት ተለያይተው መለካት አለባቸው።